24 ዕቃ ያለው ስብስብ ወይስ አንድ ጥሩ ሼከር?

ጠያቂዬ የሚኖሩት ሜሪላንድ ነው። በጥር ወር ለታናሽ ወንድማቸው ሠርግ ወደ አዲስ አበባ ይጓዛሉ። ወንድማቸው ቅዳሜ ማታ ጓደኞቹን ቤቱ እየሰበሰበ ማርጋሪታና ዊስኪ ሳወር የሚባሉትን ኮክቴሎች (የተቀላቀሉ የአልኮል መጠጦች) መሥራት ከጀመረ ዓመት ሆኖታል፤ የሚንጠው ግን ክዳን ባለው የማርማላታ ጠርሙስ፣ የሚለካውም በአረቄ መለኪያ ነው። እኅትየው ለስጦታው 120 ዶላር መድበው ሲያፈላልጉ ከእንጨት ማቆሚያ ጋር የሚሸጥ ባለ 24 ዕቃ የኮክቴል መሥሪያ ስብስብ በ55 ዶላር፣ እንዲሁም ለብቻው 90 ዶላር የሚያወጣ የጃፓን ሼከር፣ ማለትም የመጠጥ መናጫ፣ አግኝተዋል። ጥያቄያቸው «ለጀማሪ ሰው ሁሉም የተሟላለት ስብስብ አይሻለውም ወይ? ወይስ አንዱን ውድ ዕቃ ገዝቼለት ልገላገል?» የሚል ነው።

ሁለቱንም አልመክርዎትም። ከባንኮኒ ጀርባ መቆም የጀመርኩት አዲስ አበባ ውስጥ በባርማንነት ሲሆን አሁን የምሠራው እዚሁ እርስዎ በሚኖሩበት አካባቢ ነው፤ በእነዚህ 16 ዓመታት እንዲህ ያለ ስብስብ በስጦታ ደርሷቸው «ምን ላድርገው?» ብለው ያሳዩኝ ደንበኞች ጥቂት አይደሉም። 24ቱን ዕቃ አንድ በአንድ ቢቆጥሩት አራቱ የጠርሙስ አፍ ላይ የሚሰኩ ማንቆርቆሪያዎች ናቸው፤ ስምንት ወይም አሥሩ የወይራ ፍሬ መውጊያ ስንጥሮች ናቸው፤ የቡሽ መንቀያውና የጠርሙስ መክፈቻው በማንኛውም ቤት ያለ ነገር ነው፤ ማቆሚያው፣ ማጽጃ ብሩሹና የአሠራር ካርዶቹም እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ዕቃ ተቆጥረዋል። መጠጡን በእርግጥ የሚሠሩት አምስት ወይም ስድስት ዕቃዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ሻጩ ገንዘብ የቆጠበው ደግሞ በእነርሱው ላይ ነው። የማጥለያው ሽቦ የላላ፣ የሼከሩ ብረት የሳሳ፣ የመለኪያው ልክ የተዛባ ሆኖ የሚመጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለመምረጥ የሚረዳዎትን ነገር እርስዎ ራስዎ ጥያቄው ውስጥ አስቀምጠውታል። ወንድምዎ የሚሠራቸው ሁለቱም መጠጦች ሎሚ የሚገባባቸው ናቸው። የሎሚ ጭማቂ፣ ክሬም ወይም የእንቁላል ነጭ ያለበት መጠጥ በበረዶ ይናጣል፤ ጭማቂውና ሽሮፑ ከአልኮሉ ጋር በደንብ የሚዋሐዱትና ያ ለስላሳ አረፋ የሚፈጠረው በኃይል ሲናጡ ብቻ ነው። እንደ ማርቲኒና ማንሃተን ያሉ፣ ከአልኮል በቀር ሌላ ነገር የማይገባባቸው መጠጦች ግን በረዶ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ በረጅም ማንኪያ ቀስ ተብለው ይማሰላሉ። ስለዚህ በየሱቁ መስኮት ተደርድሮ ዓይን የሚስበውን ባለ ጥርብ መስታወት ማማሰያ ብርጭቆና ጠመዝማዛ እጀታ ያለውን ማንኪያ ለዛሬ ይለፏቸው። ወንድምዎ አንድ ቀን ወደ ማንሃተን ከተሻገረ የልደት ስጦታ ይሆናሉ።

አሁን ወደ ሼከሩ ልምጣ። በገበያ ላይ በብዛት የሚያገኙት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኮብለር የሚባለው ባለ ሦስት ክፍል ሲሆን ከታች ጣሳ፣ ከላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው አንገት፣ በመጨረሻም ትንሽ ቆብ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1884 የብሩክሊን ነዋሪ የነበረው ኤድዋርድ ሃውክ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ቅርጽ እስከ ዛሬ እምብዛም ሳይለወጥ ይሸጣል። ማጥለያው አብሮት ስላለ ለጀማሪ የሚቀል ይመስላል። ችግሩ የሚመጣው ከናጡት በኋላ ነው፤ ውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ብረቱም ይኮማተራል፣ ቆቡም አንገቱን ንክስ አድርጎ ይይዛል። እኔ ራሴ ገና ጀማሪ ሳለሁ አራት እንግዶች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እየተመለከቱኝ ቆቡ እንቢ ብሎኝ፣ በሙቅ ውሃ የነከርኩት ፎጣ ስጠቀልልበት፣ እንደገና ስታገል፣ በመጨረሻ ሲከፈት በረዶው ውስጡ ቀልጦ መጠጡ ውሃ ሆኖ ነበር። በጥንቃቄ የተሠሩት የጃፓን ኮብለሮች ይህ ችግር ይቀንስላቸዋል፤ እርስዎ ያዩት ባለ 90 ዶላሩም ከእነርሱ ወገን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አብዛኞቹ ባለ 500 ሚሊ ሊትር ስለሆኑ በአንድ ጊዜ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት መጠጥ ብቻ ያወጣሉ፤ ቅዳሜ ማታ ስድስት ጓደኛ ለሚጠብቀው ሰው ደግሞ ይህ አይበቃም።

ሁለተኛው ቦስተን የሚባለው ሲሆን በቀላሉ ሁለት ጣሳዎች ናቸው፤ ትልቁ ወደ 830 ሚሊ ሊትር፣ ትንሹ ወደ 530 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ በአሜሪካ ሱቆች 28 እና 18 አውንስ ተብለው የሚጻፉት እነዚሁ ናቸው። የምመክርዎት ይህንን ነው፤ ሁለቱም ጣሳዎች ብረት የሆኑበትን እንጂ አንዱ መስታወት የሆነበትን አይውሰዱ፤ መስታወቱ በመንገድም ሆነ በወንድምዎ እጅ ሊሰበር ይችላል። ትልቁና ትንሹ ጣሳ ታቹ ላይ ተጨማሪ ብረት የተበየደበት፣ ሲይዙት ከበድ የሚል ቢሆን ይመረጣል፤ ቀላሉ ጣሳ ገና ጭማቂ ሲጨምሩበት ይንገዳገዳል። ሱቁ ውስጥ ካሉ ትንሹን በትልቁ ላይ ትንሽ አጋድለው ያጋጥሙትና በመዳፍዎ አንዴ መታ ያድርጉት፤ ከዚያም ትልቁን ብቻ ይዘው ያንሱት። ትንሹ ሳይወድቅ ተንጠልጥሎ ከቀረ ልኩ ትክክል ነው። ቤት ከደረሱ በኋላ ደግሞ ውሃና በረዶ ጨምረው በእቃ ማጠቢያው ላይ አሥር ሰከንድ ያህል ይናጡት፤ ከከንፈሩ የሚንጠባጠብ ነገር ካለ ሳይውል ሳያድር ይመልሱት።

ጀማሪዎች ቦስተንን የሚፈሩት መክፈቱ ስለሚያስቸግራቸው ነው፤ ጉልበት ግን አይጠይቅም። ትንሹ ጣሳ ተጋድሎ ስለተቀመጠ በአንድ በኩል ሁለቱ ጣሳዎች ቀጥ ብለው በአንድ መስመር ይገጥማሉ፣ በተቃራኒው በኩል ደግሞ በመካከላቸው ክፍተት ይታያል። የሚመታው ቀጥ ያለው ጎን አይደለም፣ ክፍተቱ የሰፋበትም አይደለም፤ በሁለቱ መካከል፣ ከቀጥተኛው ጎን ሩብ ዙር ያህል ዞር ብሎ ያለው ቦታ ነው። እዚያ ላይ በመዳፍ ተረከዝ አንድ ጊዜ ሲመታ «ቷ» ብሎ ይለቃል። ስጦታውን ሲሰጡት ይህን ብቻ ያሳዩት፤ የቀረውን ራሱ ይደርስበታል።

ከሼከሩ ቀጥሎ ቁም ነገሩ መለኪያው ነው። የአረቄ መለኪያ በአገራችን የታወቀ ዕቃ ቢሆንም ከቤት ቤት፣ ከፋብሪካ ፋብሪካ ልኩ ይለያያል፤ ለአረቄ ደግሞ መለያየቱ ማንንም አይጎዳም። ዊስኪ ሳወር ላይ ግን ይጎዳል። እኔ የምሠራበት ልክ ዊስኪ 60፣ የሎሚ ጭማቂ 25፣ የስኳር ሽሮፕ 20 ሚሊ ሊትር ነው። ዊስኪው በ5 ሚሊ ሊትር ቢበልጥ ጠጪው ላያውቀው ይችላል፤ ሎሚው በዚያው በአንድ የሻይ ማንኪያ ቢበልጥ ግን አንድ አምስተኛ ጨመረ ማለት ስለሆነ ፊት ያስኮማትራል። ጂገር የሚባለው፣ ሁለት አፍ ያለውና ወገቡ የጠበበው መለኪያ አንዱ አፉ 60፣ ሌላው 30 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሆኖ በውስጡ የ15፣ የ22 እና የ45 መስመር የተቀረጸበት ቢሆን ይበቃል፤ 20ውና 25ው ከ22ቱ መስመር ትንሽ ዝቅና ከፍ ተደርገው ይለካሉ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት ብዙዎቹ በአውንስ ብቻ ስለሚጻፉ፣ ሚሊ ሊትርም የተጻፈበትን ለይተው ይግዙ። ልኩን ለመፈተን የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃዎታል፤ 30 ሚሊ ሊትር ውሃ 30 ግራም ይመዝናል። ከአንድ ርካሽ ስብስብ የወጣ ጂገር እንዲህ መዝኜ «30» የሚለው አፍ እስከ ጠርዙ ተሞልቶ 25 ግራም ብቻ አግኝቼበታለሁ።

ቦስተን የራሱ ማጥለያ ስለሌለው ሃውቶርን የሚባለውን፣ ዙሪያውን ጠመዝማዛ ሽቦ ያለውን ማጥለያ መግዛት ግድ ነው። የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽቦው ጥቅጥቅ ብሎ የተጠመዘዘ መሆኑ። በሽቦው ክብ መካከል ጥፍርዎ በቀላሉ ከገባ የሎሚው ሥጋና የበረዶው ስብርባሪም በዚያው ያልፋል። ከሥሩ የሚያዝ ትንሽ የሻይ ማጥለያ የመሰለ ሾጣጣ ወንፊትም ይጨምሩለት፤ ዋጋው ትንሽ ነው።

የሎሚ መጭመቂያ በስብስቦቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ የለም፤ ቢኖርም ለይስሙላ ነው። ለሁለቱም መጠጦች በየጊዜው ትኩስ ጭማቂ ስለሚያስፈልግ ለወንድምዎ ከማንኛውም ጌጥ የሚበልጠው ይህ ነው። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚታየው መጭመቂያ ለትልልቁ ቢጫ ሎሚ የተሠራ ነው፤ የአገራችን ሎሚ ግን ትንሽና ቅርፊቱ የሳሳ፣ ከአንዱም የሚወጣው ጭማቂ ብዙ ጊዜ ከ20 ሚሊ ሊትር የማይበልጥ ነው። በትልቁ መጭመቂያ ውስጥ ትንሹ ሎሚ ይንሸራተታል እንጂ አይጨመቅም። ስለዚህ «ላይም» ለሚባለው ትንሽ ሎሚ የተሠራውን፣ አነስ ያለውንና አረንጓዴ ቀለም የሚቀቡትን ልክ ይምረጡ፤ ከተቻለ ደግሞ ቀለም የሌለውን፣ ሙሉ በሙሉ ከማይዝግ ብረት የተሠራውን። ቀለሙ ከዓመት በኋላ እየተላጠ ወደ ጭማቂው ይገባል። ግማሹ ሎሚ ሲቀመጥ የተቆረጠው ፊቱ ወደ ቀዳዳዎቹ መዞር አለበት፤ ሰው ሁሉ ቅርጹን አይቶ በተቃራኒው ያስቀምጠዋል፣ ከዚያም ጭማቂው ወደ ሸሚዙ ይረጫል።

እስካሁን ያልጠየቁኝን ነገር ልንገርዎት፤ ከገንዘብዎ ጥሩ ድርሻ ሊያወጡበት የሚገባው በረዶው ነው። በሚናጥ መጠጥ ውስጥ በረዶው ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ያቀዘቅዛል፣ ያቀጥናልም። ከ12 ሰከንድ ብርቱ መናጥ በኋላ መጠጡ ከዜሮ በታች አምስት ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ በመጨረሻ ብርጭቆው ውስጥ ከሚገባው ሩብ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነውም ከበረዶው የቀለጠ ውሃ ነው። ይህ ውሃ የአሠራሩ አካል ስለሆነ መፍራት አይገባም፤ የሚያስፈራው ሳይታሰብ ከልክ በላይ መምጣቱ ነው። ከፍሪዘር ጋር የሚመጣው ቀጭን የበረዶ ማስቀመጫ የሚያወጣቸው ትንንሽ ቁርጥራጮች ፊታቸው እርጥብ ሆኖ ስለሚገቡና ሲናጡ ስለሚሰባበሩ መጠጡን ገና ሳይቀዘቅዝ ያቀጥኑታል። ስለዚህ አንድ 3 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚያወጣ ለመናጫ፣ ሌላ 5 ሴንቲ ሜትር የሚያወጣ ለብርጭቆ፣ ሁለት የሲሊኮን ቅርጽ ይግዙ። ሁለቱም ክዳን ያላቸው ይሁኑ። ሲሊኮን ሽታ ይስባል፤ ወንድምዎ ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ በርበሬም ሥጋም እንደሚኖር መገመት አያስቸግርም፤ እናም ክዳን የሌለው በረዶ በሳምንቱ ማርጋሪታውን የአዋዜ ዘመድ ያደርገዋል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ የበረዶ ማሽን አይተው ከሆነ ይተዉት። እዚህ የሚሸጠው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ መቀየሪያው ደግሞ ከባድና ውድ ስለሆነ ማሽኑ ውሎ አድሮ የጓዳ ማስጌጫ ይሆናል። ብርጭቆም ከዚህ ተሸክሞ መሄድ ትርፉ ስብርባሪ ነው፤ አፉ ከ7 ሴንቲ ሜትር ሰፋ ያለ፣ ትልቁን ኩብ ሳይታገል የሚያስገባ አጭርና ወፍራም ብርጭቆ እዚያው በቀላሉ ይገኛል።

ስለ መልኩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ስጦታ ስለሆነ ዓይንዎ ወደ መዳብ ቀለም ሊሄድ ይችላል። ከውጭ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ ግን የማይዝግ ብረት የሆነ ሼከር ምንም አይደለም፤ ቅቡ ግን ከጊዜ በኋላ ይላጣል። ውስጡም መዳብ የሆነውን ግን አይግዙ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የምግብ ደንብ ፒኤች መጠኑ ከ6 በታች የሆነ አሲዳማ ምግብ መዳብን እንዳይነካ ይከለክላል፤ የሎሚ ጭማቂ ደግሞ ከ2 ትንሽ ብቻ ከፍ ይላል። ታቹ ላይ 18/8 ወይም 304 የሚል ካዩ ጥሩ ብረት ነው፤ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 8 በመቶ ኒኬል ማለት ነው። በዚህ ሰሞን የሚወደደውን፣ መጠጥ ላይ ጭስ የሚነፋውን መሣሪያም ሆነ ጋዙን ሻንጣ ውስጥ እንዳያስገቡ፤ የቡቴን ጋዝ መሙያ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው ሻንጣ በአውሮፕላን መጓዝ የተከለከለ ነው።

ለጀማሪ ሁሉም ነገር ይሟላለት ላሉት ሐሳብ የእኔ መልስ ይህ ነው፤ የሚሟላው ወንድምዎ ባለበት ቤት ውስጥ ነው እንጂ በስብስብ አይደለም። ዊስኪ ሳወር ላይ የሚታየው ነጭ አረፋ ብዙ ጊዜ ከእንቁላል ነጭ የሚመጣ ነው፤ ጥሬ እንቁላል ለማይፈልግ እንግዳ፣ በጾም ወራት ደግሞ አልኮል ለማይነካ ነገር ግን ሎሚና ናና ያለበት የጾም መጠጥ ለሚወድ ቤተሰብ፣ የተቀቀለ ሽምብራ ውሃ ተመሳሳዩን ሥራ ይሠራል። ሽምብራው በስሎ ውሃው እንደ እንቁላል ነጭ ወፈር እስኪል ይተናል፤ ከዚያም ቀዝቅዞ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ይገባል። ሽታው ከሎሚው ጋር ሲገናኝ ይጠፋል። በመጀመሪያ ያለ በረዶ፣ ቀጥሎ ከበረዶ ጋር ይናጣል። ያለ በረዶ ሲናጥ ግን ሁለቱን ጣሳዎች በሁለት እጅ አጥብቆ መያዝ ይገባል፤ ጣሳዎቹን አጣብቆ የሚይዛቸው ቅዝቃዜው ስለሆነ፣ ያለ እርሱ ድንገት ተለያይተው አረፋው ጣራ ላይ ሊወጣ ይችላል። ሽሮፑንም መግዛት አያስፈልግም። ወፈር ያለ ብርዝ፣ ሁለት እጅ ማር በአንድ እጅ ሞቅ ያለ ውሃ ተፈትቶ፣ በስኳሩ ሽሮፕ ፋንታ ከቦርቦን ዊስኪና ከሎሚ ጋር ሲናጥ ባርማኖች ጎልድ ራሽ የሚሉት መጠጥ ይሆናል። የእኛ ነጭ ማር ሲገባበት የተለየ ነው፤ እዚህ ለደንበኞቼ ስሠራው ማሩ ከየት እንደመጣ የማይጠይቀኝ የለም።

እንግዲህ ገንዘቡን እንዲህ ብናከፋፍለው፦ ለቦስተን ሼከሩ 30፣ ለጂገሩ 12፣ ለሃውቶርን ማጥለያው 15፣ ለወንፊቱ 8፣ ለሎሚ መጭመቂያው 18፣ ለሁለቱ የበረዶ ቅርጾች 20 ዶላር ገደማ ይወጣል። ከ103 ዶላር በኋላ በሚተርፈው አንድ ጠርሙስ አንጎስቱራ ቢተርስ ይግዙለት። ዮሐን ዚገርት የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1824 በቬኔዝዌላ አንጎስቱራ ከተማ የቀመመው፣ ዛሬ ትሪኒዳድ ውስጥ የሚሠራው ይህ መራራ ቅመም በወረቀቱ ይታወቃል፤ ወረቀቱ ከጠርሙሱ ትከሻ በላይ ተርፎ የተለጠፈ ነው። በዊስኪ ሳወሩ አረፋ ላይ ሦስት ጠብታ ጣል ሲደረግበት ሽታው ከመጠጡ ቀድሞ ይደርሳል፤ አንድ ጠርሙስም ለቤት ሰው ከዓመት በላይ ይቆያል። የአልኮል መጠኑ 44.7 በመቶ ነው፤ ከ24 እስከ 70 በመቶ የሆነ መጠጥ ካልተከፈተ በሚጫነው ሻንጣ ለአንድ መንገደኛ እስከ 5 ሊትር ስለሚፈቀድ አያሳስብዎት፤ ለወንድምዎ ተኪላ ወይም የብርቱካን ሊከር ለመያዝ ካሰቡ ግን በዚሁ ሒሳብ ውስጥ ይቆጠራል።

ሲያሽጉ ትንሹን ጣሳ ትልቁ ውስጥ ያስገቡት፤ ጂገሩን በካልሲ ጠቅልለው ትንሹ ውስጥ፣ ቢተርሱን በፕላስቲክ ከረጢት አስረው ከጎኑ ያኑሩት። ጣሳዎቹን ለየብቻ ሻንጣ ውስጥ ከጣሏቸው ከንፈራቸው ይጎብጣል፤ ከንፈሩ የጎበጠ ቦስተን ደግሞ ከእንግዲህ ውሃ አይዝም። የሙሽሮቹን ስም ማስቀረጽ ካሰቡ በትልቁ ጣሳ ታችኛው ግማሽ ላይ ይሁን፤ የላይኛው ክፍል እጅና ጣሳ የሚጋጠሙበት ስለሆነ ለስላሳ ሆኖ መቅረት አለበት። ዕቃውን የሚሰጡት በመልሱ ቀን ከሆነ የበረዶ ቅርጾቹን ግን አስቀድመው ለይተው ያውጡ፤ ባለ 5 ሴንቲ ሜትሩ ኩብ እስከ መሃሉ ለመጠንከር ሌሊቱን ሙሉ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከዋዜማው ውሃ ሞልተው፣ ከድነው፣ ከፍሪዘሩ ጥግ ያስቀምጡለት።